ዶርካስ ከነአልጋዋ የወጣችበት ቀን

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሡ በአርባ ሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ በእንግሊዝ አገር በደርሃም አውራጃ በሮውሊ የከሰል መንደር፣ ጄቤዝ ካውል የተባለ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው የሕይወቱን ታሪክ ይጽፍ ነበር። ሳንባው በከሰል ትቢያ ተጎድቶ ከጉድጓድ ሥራ ከተሰናበተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የከሰል ቆፋሪዎች ማኅበር ጋዜጣ የ1844ቱን ታላቅ አድማ ያዩ ሽማግሌዎች ጽፈው ይላኩልን ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት በተማረው ፊደል አርባ ገጽ ሞላ፤ ስብሰባውን፣ ንግግሩን፣ የተናጋሪዎቹን ስም አንድም ሳያስቀር።

ሚስቱ ዶርካስ ማንበብ አታውቅም። አንድ እሑድ ድንች እየላጠች፣ "እስቲ አንብብልኝ" አለችው። አነበበላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"እኔ የታለሁ?"

"አለሽ እንጂ። 'በዚህም ዘመን ሚስት አገባሁ፤ ሰባት ልጆች ወለደችልኝ' ይላል።"

"ስም የላትም ይቺ ሚስት?"

ጄቤዝ ጢሙን ዳበሰ። "ሰው የሚፈልገው የአድማውን ነገር ነው።"

"እሱንስ መቼ አወቅኸው! 'የከሰል ጉድጓዱ ባለቤት ቅጥረኛ ውሾች፣ አድማ መታችሁ ብለው እሱ ከሰጠን ቤት አባረሩን' ብለሃል። የት ሆነህ አየህ?"

እውነትም አላየም፤ በዚያ ቀን ከሺህ ሰዎች ጋር ሜዳ ላይ ቆሞ ንግግር ይሰማ ነበር። ሲመለስ ያገኛት ከአጥር ሥር፣ ከሕፃኑ ጋር አልጋዋ ላይ ተኝታ ነው፤ እንዴት እንደ ወጣች ግን ጠይቆ አያውቅም።

"በእግርሽ አልነበረም እንዴ የወጣሽው?"

"በወለድኩ በሦስተኛው ቀን? አልነሣም አልኳቸው። አራት ሆነው ከነአልጋዬ ተሸከሙኝ። ዝናብ ነበር፤ አንደኛው፣ ፊቱን ፈንጣጣ የፈጀው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ልጁን ከዝናቡ ከለለው። ራሱ እየበሰበሰ ሄደ።"

"ባርኔጣውንስ?"

"ትቶልኝ ሄደ። የወንድሜ ነው ብዬህ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ እሱን ደፍተህ አይደል ለማኅበሩ ስብሰባ የሄድከው?"

ጄቤዝ አፈጠጠባት፤ ከዚያም ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ። ብነግርህስ እሳት ውስጥ አልነበር የምትከተው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂው እሱ ሆነ፤ ከአጥሩ ሥር በከረሙባቸው ሳምንታት ምን እንደ በሉ፣ ማን እንዳዋለዳት፣ ማን ተደብቆ ዳቦ እንዳመጣላት። አርባው ገጽ ዘጠና ደረሰ። "ውሾች" የሚለውን ቃል ሰርዞ "ሰዎች" ብሎ ጻፈ፤ ጓደኞቹ ቢያነቡት ፊት እንደሚነሡት እያወቀ።

የጋዜጣው አዘጋጅ ጽሑፉ በተላከለት በወሩ መለሰ፦ "የተከበሩ ሚስተር ካውል፤ ጽሑፍዎ ድንቅ ነው። የሴትዮዋንና የባርኔጣውን ክፍል ግን አባሎቻችን አይወዱትም። ቢፈቅዱልን እሱን ትተን እናትመዋለን።"

ጄቤዝ ስሙን በጋዜጣ ላይ ለማየት ከምንም በላይ ይጓጓ ነበር፤ ዕድሜውም ማለቁን ያውቃል። ደብዳቤውን ለዶርካስ አነበበላት።

"አሳትመው" አለችው። "እኔ እንደሆን ኖሬዋለሁ።"

እሱ ግን፣ "ወይ ሙሉውን አትሙት፤ ካልሆነ መልሱልኝ" ብሎ ጻፈ። መለሱለት። በቀጣዩ ጥር ሞተ፤ ደብተሩም ሳይታተም ከትልቋ ልጁ ዘንድ ቀረ።

ታሪክ የዚያን አድማ ተናጋሪዎች ስም ይዟል፤ በሜዳው ስንት ሰው እንደ ቆመም ይነግረናል። በዚያው ሰዓት በየቤቱ ማን እንደ ነበረ ግን አይናገርም፤ የገዛ ባሏ እንኳ ለመጠየቅ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።