በዳክዬዎቹ የዘር ሐረግ ላይ የቀረው ባዶ ክብ

ሠዓሊው ኡርሆ ሳሎማ ሐሙስ ሞቶ ዓርብ ጠዋት ተገኘ። በሥራ ክፍሉ ውስጥ ከብረት ምድጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ግንባሩን የምድጃው ማዕዘን መትቶታል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል። ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቃቸው ከመዳፉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ወጣች።

«ሰዓቱን ንገረኝ» አለችው መርማሪ ሂልካ ቩኦሬላ።

«ምድጃው ጠፍቶ ቤቱ እንዲህ በርዶ? ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ በላይ አልምልልሽም።»

ሂልካ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ለነገር የማትጣደፍ ሴት ናት። ከአስከሬኑ ቀና ብላ ወደ ስዕል ጠረጴዛው ተጠጋች። ከልጅነቷ ጀምሮ ኡርሆ በሚስልበት የልጆች መጽሔት ላይ የምታውቃቸው የላሚኮ መንደር ዳክዬዎች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ላይ ተሰብስበዋል። አያትየው መርከበኛው ኡኮ ከግንዱ ሥር ነው። ነገረኛዋ አክስት ሂልማ አለች፤ ፀጉር አስተካካዩ አጎት ቫሉ አለ፤ እሱ የሚያሳድጋቸው መንትዮቹ ሚኑና ማኑም አሉ። መጽሔቱ አርባ ዓመት የሚሞላው በዚሁ በኅዳር ስለሆነ ሽማግሌው ሙሉውን የዘር ሐረግ ሊያወጣ ቃል ገብቶ ነበር። ከዛፉ ግማሹ በጥቁር ቀለም ወጥቷል፤ ግማሹ ገና በእርሳስ ነው። ከመንትዮቹ በላይ፣ የእናታቸው ቦታ ላይ ግን ባዶ ክብ ብቻ ነበር።

ሂልካ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «እናታቸው የት ናት?» ብላ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በካርድ መልስ መጣላት፦ «ወደ ሐይቁ ወጥታለች፤ ትመለሳለች።» ያኔ አምናለች። የታምፔሬ ከተማ ልጅ ሁሉ አምኗል።

«ይሄ ግልጽ ነገር ነው አለቃ» አለ ጡረታው የደረሰው ፖሊስ ፔንቲ፣ እያለከለከ ወንበር ስቦ። «ያሳታሚው ሰውዬ ቀትር ላይ ሲያየው ሙሉው በእርሳስ ነበር ብሏል። ግማሹን በቀለም ለማውጣት ሽማግሌው ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ አስር ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበረ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የሟቹ ሴት ልጅ እዚህ ደጅ ስትጮህ ጎረቤቷ ወይዘሮ ኢምፒ ሰምታለች።»

«ምን ብላ?»

«‹እንዲህ ከምትኖር ብትሞት ይሻላል!› ብላ። ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ፔንቲ። ግን የጮኸ ሁሉ ገዳይ ቢሆን ያንተ ሚስት እስካሁን ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት ነበር።»

ፔንቲ ሳይወድ ሳቀ።

ሂልካ ሦስት ሰዎች ወደሚጠብቋት ወደ ማድቤቱ ሄደች። አሳታሚው ስቴን ሉንድ ጥሩ ሱፍ የለበሰ፣ ፊቱ የገረጣ ሰው ነው።

«ባዶውን ክብ አይተዋል?» አለችው።

«አይቻለሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። በላሚኮ ሞት የለም፤ የቤታችን ደንብ ነው። እናትየዋን ካወጣናት የት ነበረች ይሉናል። ምን ልንላቸው ነው?»

«ኡርሆስ ምን አለ?»

«ምንም። እሱ መቼ ተናግሮ ያውቃል? እኔም የስድስት ተኩሉን ባቡር ይዤ ሄልሲንኪ ገባሁ፤ ትኬቱ ይኸው።»

ሲርካ፣ የኡርሆ አንድ ልጅ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። አይኗ አብጧል።

«አልከፈተልኝም» አለች። «አንኳኳሁ፣ ጮኽኩ፣ ሄድኩ። ሞቶ እንደሆነ በምን ልወቅ? እናቴን ከዘር ሐረጉ እንዳያስቀራት ልለምነው ነበር የመጣሁት። ዳክዬዎቹን የፈጠረቻቸው እሷ ናት። እዚሁ ማድቤት ውስጥ፣ ምሳዬን እንድበላ በዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ ትስልልኝ ነበር። አምስት ዓመቴ ላይ የሐይቁ በረዶ ከሥሯ ከዳት። እሷ ዛሬም እጇ አመድ አፋሽ ነው፤ ስሟ አንድ ቦታ የለም።»

«አባትሽ ለምን ተዋት?»

«ጠይቄው መልሶልኝ ቢሆን እዚህ ደጅ እጮህ ነበር?»

«አባትሽ ብሩሹን ያጥብ ነበር?» አለች ሂልካ።

ሲርካ ግራ ገባት። «ብሩሽ? ኧረ እሱ! የምታጥብለት እናቴ ነበረች። ከሷ በኋላ አንዱ ሲደርቅበት ሌላ ይገዛል እንጂ አጥቦ አያውቅም።»

ሦስተኛው ሰው ታውኖ ነው፤ የእናትየዋ የአይኒ ወንድም፣ ስልሳ ስምንት ዓመቱ። ኡርሆ በእርሳስ የሳለውን በየሳምንቱ በቀለም የሚያወጣው እሱ ነበር። የበዓል ገጾችን ግን ኡርሆ ራሱ ይጨርሳቸዋል፤ ልማዱ ነው። ታውኖ ስኒውን በግራ እጁ ይዞ ቁጭ ብሏል። የታችኛው ከንፈሩ ላይ የቀለም ነቁጥ አለች፤ ሥጋው ውስጥ ገብታ የቀረች፣ የማትለቅ ነቁጥ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ሰላም አልኩት» አለ። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሳውና ነበርኩ። አስር ምስክር አለኝ።»

«ስለ እህትዎ ተነጋገራችሁ?»

«ስለ እህቴ ከኡርሆ ጋር የሚነጋገር የለም» አለና ስኒውን አስቀመጠ። «ሲርካን ግን ተይዋት። እሷ ዝንብ አትገድልም።»

«ምስክር ከሌላት አቃቤ ሕጉ ሰኞ ይወስዳታል።»

ታውኖ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ሂልካ አየችው።

በማግሥቱ ቅዳሜ የሙታን መታሰቢያ ቀን ነበር። የኡርሆ ቤት ካለበት ከፒስፓላ ኮረብታ ቁልቁል ሰው ሁሉ ሻማውን በወረቀት ከረጢት ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። ሂልካ ረፋዱ ላይ ሦስቱን ከፔንቲ ጋር በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሲርካ የእናቷን ሻማ እንደያዘች መጣች፤ አሁን የአባቷም ተጨምሮ ሁለት ይዛለች።

«ይህን ወረቀት እዩት» አለች ሂልካ። «ቀለሙ ያረፈው በየትኛው ወገን ነው?»

«በቀኝ» አለ ፔንቲ።

«ኡርሆ የሚሠራው በቀኝ እጁ ነበር። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ከግራ ይጀምራል፤ አለዚያ እርጥቡን ቀለም በክንዱ ይጠርገዋል። ከቀኝ የሚጀምር ግራኝ ነው። ሁለተኛ፣ ይሄን ጣሳ ተመልከቱ። አስራ ሰባት ብሩሽ አለ፤ አስራ ስድስቱ ቀለም ደርቆባቸው እንደ ምስማር ሆነዋል። አንዷ ብቻ ታጥባ፣ ጫፏ በከንፈር ሾሎ ቆማለች። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ብሩሽ አያጥብም። ዕድሜውን ሁሉ ያጠበ ሰው ግን ሳያስበው ያጥባል።»

ሉንድ ቀስ ብሎ ወደ ታውኖ ዞረ። ታውኖ ወለሉን ያያል።

«የኡርሆ እጅ አራት ሰዓት የሚፈጅበትን፣ በየሳምንቱ የሚሠራው ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል» አለች። «ስለዚህ ኡርሆ የሞተው ከሰባት ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ነው። ቀለሙ የተቀባው እስከ አስር ሰዓት በሕይወት እንደነበረ ለማስመሰል ነው።»

«ግን መስመሩ የኡርሆ ነው!» አለ ሉንድ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ።»

«የአምናው ኡርሆ ነው። ሲሞት ቁልፏን የያዘው በኪሱ አልነበረም፤ በጭብጡ ነበር። ከምድጃው ጎን ያለችው ሣጥን የታችኛዋ መሳቢያ ቁልፍ ናት። ትላንት ከፈትኳት።»

ፖስታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የክብሪት ሣጥን የሚያካክሉ አርባ ያህል ወረቀቶች ተበተኑ። ሁሉም ላይ አንዲት እናት ዳክዬ አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ። በቀለም የተሞከሩት ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዱ መስመር እንኳ ቀጥ አላለም። የመጨረሻዋ ብቻ በእርሳስ ቀርታለች። ከጀርባዋ ጠማማ ጽሑፍ አለ፦ «አይኒ። ቅዳሜ፣ ከመቃብር ስንመለስ፣ ክቡ ላይ ትለጠፍ። በቀለም ታውኖ ያውጣት። የእኔ እጅ ከድቶኛል።»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች ሂልካ። «ለማንም አልተናገረም። እርሳስ ሲሆን መቶ ጊዜ ይሞከራል፣ ይጠፋል፣ አይታወቅም። ቀለም ግን አንድ ጊዜ ነው። አቶ ታውኖ፣ እርስዎ የሌለ እጅ ነው የቀዱት።»

ታውኖ ወረቀቷን በሁለት እጁ አነሳ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«‹አይኒ የት አለች?› አልኩት» አለ በመጨረሻ። «‹ቅዳሜ ድረስ ጠብቅ› አለኝ። አርባ ዓመት ጠብቅ ሲለኝ ኖሯል! ‹የእህቴን ዳክዬዎች በልተህ ለሷ አንድ ቅርንጫፍ ትነፍጋታለህ?› አልኩት። ዝም ብሎ ቁልፍ አወጣና ጀርባውን ሰጠኝ። በሩን ሊከፍትልኝ፣ ሊያስወጣኝ መሰለኝ። ገፋሁት።»

«ወደ መሳቢያው ነበር የሄደው» አለች ሂልካ በለሆሳስ።

«አሁን አየሁ። አሁን አየሁ እኮ!» ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ሲርካዬ፣ አንቺ እንደምትመጪ አላወቅኩም። ትላንት ልናገር ነበር፤ ፈራሁ።»

ሲርካ ወደ እሱ አልሄደችም። ከቆመችበት ሆና ብሩሿን ከጣሳው መዝዛ በቀለሙ ጠርሙስ አጠገብ አኖረችለት።

«አባቴ አንተ ታውጣት ብሏል» አለች። «አውጣት።»

ሂልካ ልትከለክል ትችል ነበር፤ ማስረጃ ነው። አልከለከለችም። ታውኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በግራ እጁ ብሩሿን ነከረ፤ ከወረቀቷ በላይ ያዛት። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቀኙ ግራውን ጨምቆ ያዘ፤ አልቆመለትም። አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

«አልችልም» አለ።

ሲርካ ወረቀቷን ከሥሩ ሳበች፤ ሙጫ ቀባችና ክቡ ላይ ለጠፈቻት። አሳታሚው ሉንድ ስለ ደንቡ ምንም አላነሳም። ታውኖ ከመነሳቱ በፊት ብሩሿን ውኃ ውስጥ ነከረ፤ አጠባት፤ ጫፏን በከንፈሩ አሾለና በቦታዋ አቆማት። ከዚያ ፔንቲ ክንዱን ይዞት ወጣ።

የዘር ሐረጉ በኅዳር መጨረሻ ታተመ። ሌሎቹን ሌላ እጅ በቀለም ጨረሳቸው፤ እናትየዋን ግን ማንም አልነካት። ከመላው ላሚኮ በእርሳስ የቀረች እሷ ብቻ ናት። በዚያው ሳምንት ልጆች እናታቸው ለምን ደብዛዛ ሆነች እያሉ መጻፍ ጀመሩ፤ ደብዳቤዎቹን ሲርካ ቁጭ ብላ በእጇ ትመልሳለች። ሂልካም እንደ ልጅነቷ ጽፋ ነበርና አንድ ካርድ ደርሷታል፦ «ከሐይቁ ተመልሳለች።»