አረንጓዴው ቁልፍ

መምህር ሂራንያማን ከሆስፒታል እንደተመለሱ፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በኔፓሏ ከተማ ባክታፑር ባለው ቤታቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሕይወታቸው አለፈ። የኩላሊት እጥበት ቀጠሯቸው በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላይ ተሰርዞ፣ ተራቸው ለሌላ በሽተኛ ተሰጥቶ ነበር። የተሰረዘው ደግሞ በምራታቸው በማንዲራ ስልክ ነው።

«ገዳይዋ ይቺውና!» አለች የሟቹ ልጅ ሱናይና። «አባዬን ማስታመም ሰልችቷት ነው!»

ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ታራዴቪ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለች። ከወንበሩ ሥር የተቀመጠውን ሻንጣ ከፈተች። ብርድ ልብስ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የንባብ መነጽር አገኘች።

«ማን ነው ያዘጋጀው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማንዲራ።

«ቀጠሮውንስ?»

«ኧረ አልነካሁትም! ‹ቀጠሮዎን ያረጋግጡ› የሚል መልእክት መጣ። ላረጋግጥልዎ ስላቸው ‹ስንቱን ልጅ ማንበብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ አምጪው› ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ። እኔ ልብስ አጥብ ነበር።»

«ሞተዋል፣ አይመሰክሩብሽ!» አለች ሱናይና።

ጎረቤታቸው አሮጊቷ አስታማያ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። «በመስኮት ጠርተውኝ ነበር እኮ» አሉ። «‹አስታማያ፣ ዛሬ ራሴው ጨረስኩት! አረንጓዴ ምልክት አወጣልኝ› አሉኝ። እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው።»

ኢንስፔክተሯ የማንዲራን ስልክ ተቀብላ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። አስከሬናቸው ከተቃጠለ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። የሆስፒታሉን የቀጠሮ ኃላፊ ቢደሽንም አስጠራች።

«ማንዲራ ሰርዛው ቢሆን ኖሮ ሻንጣ አዘጋጅታ፣ ደግፋ እስከ ሆስፒታሉ በር አትወስዳቸውም ነበር» አለች። «መምህሩም አስበው አልሰረዙትም። መሞት የፈለገ ሰው ለጎረቤቱ አይፎክርም። ሱናይና፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሯቸው ገና አልተነሳም። እስቲ አረጋግጪው።»

«ለሞተ ሰው?»

«ግድ የለም፣ አረጋግጪው።»

ሱናይና ስልኩን ነጥቃ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። «ይኸው፣ ‹ተሳክቷል› ይላል። ይሄ ምኑ ይከብዳል?»

«አሁን ሰረዝሽው።»

ሱናይና ስልኩን መልሳ አየችው።

«ትልቁ አረንጓዴ ቁልፍ ‹ቀጠሮ ጨርስ› ይላል። አንቺም አባትሽም ማረጋገጫውን የሚጨርስ መሰላችሁ፤ ቀጠሮውን ግን የሚሰርዘው እሱ ነው። ማረጋገጫው ከታች ያለችው፣ ደብዝዛ የማትነበበው ናት። ሲሰረዝም አረንጓዴ ምልክት ነው የሚያወጣው። እርስዎስ ያውቁ ነበር፣ አቶ ቢደሽ?»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። «ሌሎችም ተሳስተዋል።»

«የሞቱስ አሉ?»

ቢደሽ ዓይኑን አሸሸ። «የገጹን ሠሪዎች ጠይቀናል» አለ። «‹ገጹ ብልሽት የለበትም፤ ሰዎቹ በደንብ ያንብቡ› አሉን።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ይሠራል።»

ኢንስፔክተሯ የምትከስሰው ሰው አላገኘችም። መዝገቡ ላይ «በሕመም ሞቱ» ብላ ጻፈች፤ ሌላ የምትጽፈው አልነበራትም።

ሱናይና ወደ ማንዲራ ጠጋ አለች። «እኔ... ለወንድሜ አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

«ትናንት ‹ገዳይዋ እሷ ናት› ብለሽው የለ?» አለች ማንዲራ ልብሷን እየጠቀለለች። «ባሌም ከሚሠራበት ከዶሃ ደውሎ ‹ስመለስ ቤቴ እንዳላገኝሽ› ብሎኛል።»

ሱናይና ደወለች። ስልኩ ጠራ፤ አላነሳም። እንደገና ስትሞክር ማንዲራ ጥቅሏን ይዛ ወጥታ ነበር።