የወለተ ሰንበት ምርመራ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፤ ወረርሽኙን ለመግታት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ አውቶቡስ በግማሽ ወንበር ብቻ ይጭን በነበረበት ወራት፤ ሥራነሽ የተባለች የአምበር ባላገር ታናሽ እኅቷን ወለተ ሰንበትን ለማሳከም ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገባች።

ወለተ ሰንበት በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ጆሮዋን የነሣት፣ ትምህርት ቤት ያልዋለች፣ ከእኅቷ ጋር ቤት ውስጥ በፈጠሩት የእጅ ምልክት ብቻ የምትግባባ ሴት ነበረች። ከጥምቀት ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እጆቿን ስታወናጭፍ ትውላለች፤ እህልም እየተወች ሰውነቷ አለቀ።

መጀመሪያ ያያት ሐኪም የመጠይቅ ወረቀት ዘርግቶ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማታል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ጆሮዋ እንደማይሰማ ቢነገረው፣ እንግዲያው ጠባይዋ ባለመስማቷ የመጣ ነው ብሎ አሰናበታት። ሁለተኛው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሲናገራት፣ ፊቱን ለማየት መሸፈኛውን ብትገፈው፣ አብዳለች ብሎ በመርፌ ሁለት ቀን አስተኛት። ሁለቱም ወለተ ሰንበትን ሳይጠይቁ መፍረዳቸው ሥራነሽን አንገበገባት።

በሦስተኛው ጊዜ የገጠማት ያው የመጀመሪያው ሐኪም ነበር፤ ያንኑ ወረቀት ዘርግቶ ያንኑ ድምፅ ይሰማታል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ በየትኛው ጆሮዋ ትስማው?» አለች ሥራነሽ።

«ወረቀቱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ እኅቴ፤» አለ እሱም ዓይኑን ሰብሮ። «ሌላ የምጠይቅበት ቋንቋ የለኝም።»

ሥራነሽ ወደ አምበር አልተመለሰችም። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር፣ ራሱም የማይሰማ፣ ጌቱ የተባለ መምህር መኖሩን ሰምታ ቤቱን ጠይቃ ሄደች፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነበርና በደብተሩ ላይ «እኅቴ አላበደችም፤ ይመስክሩልኝ» ብላ ጻፈችለት። እሱም «ሳላያት አልመሰክርም» ብሎ መለሰላት።

በማግሥቱ ጌቱ ከሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ወለተ ሰንበትን እጅግ ረዥም ጊዜ ተመለከታት። እጇ ይናገርና ይቆማል፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ይከተላል፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ በእጇ መልስ ትሰጣለች። ጌቱም «ከማን ጋር እንደምታወራ ጠይቂያት» ብሎ ጻፈ።

ሥራነሽ ደነገጠች፤ በሦስት ወር ውስጥ ለእኅቷ ስትሟገት ከርማ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀቻትም። በቤታቸው ምልክት ጠየቀቻት፤ መልሱን ባየች ጊዜ ልትደብቀው ቃጣት።

«ከግድግዳው እጆች ይወጣሉ ትላለች፤» አለች በመጨረሻ። «ፊት የላቸውም፤ እጅ ብቻ። ምግብሽ መርዝ አለው ይሏታል። መርዙን የምትጨምረው… እኔ ነኝ ይሏታል።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሲጠይቅ የከረመው ድምፅ ለእሷ በእጅ እንደሚመጣባት ገባው። በዚያው ቀን መድኃኒት ተጀመረላት፤ በሐምሌ መጨረሻ ከእኅቷ ጋር ከአንድ ገበታ በላች፤ እጆቹም እየራቁ ሄዱ እንጂ ጨርሰው አልጠፉም። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ እጆቹን የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ በኅዳጉ አሰፈራቸው፤ ሥራነሽና ጌቱ ለሕሙማን አስተርጓሚ ይመደብ ብለው ያስገቡት ማመልከቻም «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ተመለሰ።

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች አዋጁንና የሟቾቹን ቍጥር መዝግበዋል፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ በቋንቋው ሳይጠየቅ የተመለሰው ስንት እንደ ሆነ ግን የቈጠረ የለም።