ነጩ ሳሪ ላይ ያረፈው እጅ

ሬቫ የተገኘችው ከጓሮው ደረጃ ግርጌ ነው። በፊት ለፊቱ ግቢ ከበሮ ይደለቃል፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ሙሽራይቱን እርድ ይቀቧታል። እሷ ደግሞ አንገቷ ተቆልምሞ በነጭ ሳሪዋ እንደተጠቀለለች ተጋድማለች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ወደ ወንድሟ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ ከነጭ ሌላ ለብሳ አታውቅም።

ኢንስፔክተር ቪላስባ ከጎንዳል ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ከበሮው ዝም ብሏል። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። በሟቿ ግራ ትከሻ ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ ምልክት አለ።

«ደም ነው?» አለ ረዳቷ።

«ደም ቢሆን እስካሁን ይጠቁር ነበር።»

«እንግዲያው ኩምኩም ይሆናላ፣ ቀዩ የግንባር ዱቄት። ሴቱ ሁሉ ግንባሩ ላይ አድርጎታል።»

«ባሏ የሞተባትን ሴት ከኩምኩም ምን አገናኛት?» አለችና ሳሪው ለምርመራ እንዲጠበቅ አዘዘች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘችውን ኢንዱቤንን ነው፤ የሙሽራይቱ እንጀራ እናት ናት። እጇ እስከ ክርኗ በእርድ ቢጫ ሆኗል።

«የእርዱን ሳህን ይዤ ከሙሽራይቱ ጎን ንቅንቅ አላልኩም። አራት ሰዓት ላይ ውሃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ስዞር አየኋት። ደረጃው ያዳልጣል፤ ስንቴ ነግሬያት ነበር።»

«ለምን ከሰዉ ጋር አልነበረችም?»

«እንዴ፣ ኢንስፔክተር! ባል የሞተባት ሴት ሙሽራ ፊት ልትቀርብ? ገደ ቢስ እኮ...» ዓይኗ ባዶው የቪላስባ ግንባር ላይ፣ ከዚያም አምባር በሌለው እጇ ላይ አረፈ። «ይቅርታ፣ እህቴ።»

«ግድ የለም» አለች ቪላስባ። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤት የምትገባው እንደዚህ ለሥራ ብቻ ነው።

የሙሽራይቱ የሄትቪ አጎት ጋንሽያም፣ ቀድሞ የሞተችው ወላጅ እናቷ ወንድም፣ በሩ ላይ ተቀምጦ መዳፉ ላይ የሚያኝከውን ትምባሆ በኖራ ያሻል።

«ትናንት ከሬቫ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ተጣልቻለሁ! ሄትቪ እሷን ‹እማዬ› ስትላት ሰማሁና ደሜ ፈላ። የእህቴ ልጅ እኮ ናት! ግን ጠቡ በአፍ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ ደግሞ ከዚህ በር አልተነሳሁም። የኔ ተራ ከሰዓት ነው፤ ስጦታዬን ይዤ ስገባ።»

ይሄኔ የሙሽራይቱ አባት ቫጁባይ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ መጣ። ጋንሽያም የትምባሆውን ቆርቆሮ ዘረጋለት።

«ያዝ፣ ትንሽ ያረጋጋሃል።»

«ተወኝ። ለሄትቪ ስል ስለት ገብቼ ከተውኩት ዓመቴ ነው» አለና ወደ ቪላስባ ዞረ። «አንድ እህቴ ነበረች። እናታችን ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችኝ።»

«እርዱ ሲቀባ የት ነበሩ?»

«ከልጄ ፊት። የትም አልሄድኩም።»

ሄትቪ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ እርዱ ፊቷ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «‹አንቺ ሳትቀቢኝ ከዚህ ቤት አልወጣም› ብዬ ለመንኳት። ‹ሦስት ተኩል ካለፈ በኋላ እወርዳለሁ› አለችኝ። ባልለምናት ኖሮ ከክፍሏ አትወጣም ነበር።»

«እንደምትወርድ ማን ያውቅ ነበር?»

«ቤተሰቡ ሁሉ። ትናንት እራት ላይ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።»

መጨረሻ ላይ የቀረው ፎቶ አንሺው ኡመድ ነው። የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ውሃ እንኳን ያቀረበለት የለም።

«ስምህ ማን ነው? ብዙ ሰርግ አንስተሃል?»

«ኡመድ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ስሜን ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት» አለና ካሜራውን አቀበላት።

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ያነሳው አንድ ፎቶ ከሌሎቹ ይለያል። ሬቫ በፎቁ መስኮት ቆማ ወደ ታች ታያለች።

«ይሄን ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ከላይ ሆና ከዘፋኞቹ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። እያየኋት ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።»

ቪላስባ ከዚያ በኋላ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ፊቶቹን ትታ ከኋላ ያለውን ነበር የምታየው።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም በግቢው ሰበሰበች። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሟቿን ሳሪ፣ የቤቱን ኩምኩምና የተቆረጠ ሎሚ አስቀመጠች።

«የዚህ ቤት ኩምኩም የሱቅ ነው» አለች። «ሎሚ ሲነካው ቀለሙን አይለውጥም። ይኸው።» ጠብ አደረገችበት፤ ቀይ እንደሆነ ቀረ። «አሁን ደግሞ ይሄን እዩ።» ሳሪው ላይ ካለው ምልክት ጠርዝ ጠብ አደረገች። ቀዩ ዓይናቸው እያየ ቢጫ ሆነ።

«እርድ!» አለች ኢንዱቤን። እርድ የነካው ጨርቅ በሳሙና ሲታጠብ እንደሚቀላ ልብስ ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቃለች።

«አዎ። እርድ ኖራ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ይመልሰዋል። ስለዚህ ትከሻዋን የያዘው እጅ እርድም ኖራም ነበረበት። ኖራ ያለው ጋንሽያም ጋ ነው።»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ጋንሽያም ብድግ አለ።

«ይቀመጡ። እጅዎን ያሳዩ። እርድ በአንድ ቀን አይለቅም፤ የሴቶቹን ጣት እዩት። የእርስዎ እጅ ግን ቢጫ የሚባል የለበትም። ኢንዱቤን ደግሞ በሁሉም ፎቶ ላይ ሳህኗን እንደያዘች አለች፤ ከኖራም ጋር ጉዳይ የላትም።» የካሜራውን መስታወት ወደ ሰዉ አዞረች። «ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ። ሴቶቹ ይስቃሉ። ከኋላ፣ ምሰሶው ጥግ፣ ልጁን ቀብቶ የተነሳ ሰው አለ፤ መዳፉን ዘርግቶ ትምባሆና ኖራ በአውራ ጣቱ ያሻል። ስለት ያለበት ሰው ተደብቆ ነው የሚያሸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ስምንት ፎቶዎች ውስጥ የለም። አራት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተመልሶ ያጨበጭባል። ቫጁባይ፣ የትም አልሄድኩም ብለውኝ ነበር።»

ቫጁባይ እጁን ሳሪው ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«የሙሽራው አክስቶች እግቢው ውስጥ ነበሩ» አለ። «እሷ እጇን ስታሳርፍባት ቢያዩ፣ የልጄ ትዳር ሳይጀመር... ‹ተመለሺ› አልኳት። ‹አልመለስም› አለችኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንቢ ብላኝ አታውቅም። ደረጃው ጫፍ ላይ ትከሻዋን ይዤ ገፋሁ፤ ወደ ክፍሏ የገፋኋት መስሎኝ።»

«ከዚያስ?»

«ወርጄ ስጠራት አልመለሰችልኝም። ከግቢው ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ።»

«ሄደህ አጨበጨብክ» አለች ሄትቪ። አንተ ብላው አታውቅም ነበር። «እሷን እዚያ ጥለህ፣ ለእኔ አጨበጨብክ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ከሰርጉ እንግዶች አብዛኞቹ ሳይሰናበቱ ወጡ።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ሲመለስ ለሬቫ እንደ ባህሉ የማቃጠያውን እሳት የሚለኩስላት የቅርብ ወንድ ጠፋ፤ ልጅ አልነበራትም፣ ወንድሟ ታስሯል። ጋንሽያም ተራው የኔ አይደለም ብሎ አቀረቀረ። ሄትቪ ነጭ ለብሳ ወጣች። ሴት ወንዝ ዳር ወዳለው ማቃጠያ አትሄድም ብለው ሽማግሌዎቹ ቢቆሙባትም ቪላስባ የመኪናዋን በር ከፈተችላት።

ወደ ወንዙ ዳር የመጡት እነሱ ሁለቱና ኡመድ ብቻ ናቸው። ካህኑ ችቦውን እንደያዘ ልጅቷን አያት።

«ለሟቿ ምኗ ነሽ?»

«የወለደችኝ አይደለችም» አለች ሄትቪ። «በሌላው ሁሉ ልጇ ነኝ።»

ካህኑ ችቦውን ሰጣት። ቪላስባ ባሏ ሲቃጠል ከቤት እንድትቀር ተነግሯት የቀረች ሴት ናት። እዚህ ቆማ አታውቅም፤ የት እንደሚቆምም አታውቅም። እሳቱ ሲይዝ ሙቀቱ ፊቷን መታው፤ ወደ ኋላ ግን አላፈገፈገችም።