በግራ ጎን መነሣት

ይርዳው ከአልጋው የሚነሣው ሁልጊዜ በቀኝ ጎኑ ነበር። «በቀኝ አውለኝ» ብሎ እግሩን መሬት ያስነካል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶ ሊወጣ ይሄዳል። አሥራ ስምንት ዓመት ከሽቦ ጋር ሲውል አንድም ቀን ራሱን አዙሮት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቀኝ ሲገላበጥ ግን ቤቱ እንዳለ ዞረ። ኮርኒሱ፣ ቁም ሣጥኑ፣ መጋረጃው፣ አጠገቡ የተኛችው የሚስቱ የየሻረግ ፊት ሳይቀር እየተከታተለ ተሽከረከረ፤ ፀሐይ ሲመታው ቀጭ ቀጭ የሚለው የጣሪያው ቆርቆሮም ድምፁ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ አልዞረም። በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ጀርባውን የሰጠ ሰው ቆሞ ነበር፤ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ሰውየውም ሽታውም አልነበሩም። ይርዳው ላብ አጥምቆት ተነሣ፤ ማዞሩን እንጂ ሰውየውን ማየቱን ለሚስቱ አልነገራትም።

በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሟ አስተኝታ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ስታዘነብለው ዓይኑ ተንቀጠቀጠ።

«የቀኝ ጆሮዎ ነው» አለችው። «ውስጡ ያሉ ደቃቅ ጠጠሮች ቦታቸውን ለቀዋል። ፊትዎን ወደ ቀኝ አዙረው በጀርባዎ ይተኛሉ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዞራሉ፣ በግራ ጎንዎ ይገለበጣሉ፣ በግራ በኩል ይነሣሉ። በየደረጃው ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ።»

አለቃው ደግሞ እስከ ሰኞ ካልዳነ ጥበቃ ላይ እንደሚመድበው ቁርጡን ነገረው። ምሰሶ ለይርዳው ክብሩ ነበር፤ በር ላይ ተቀምጦ መዋል ደግሞ ውርደት።

የሻረግ ጭንቅላቱን ይዛ፣ በየደረጃው አንድ አንድ «አባታችን ሆይ» እየደገመች ታክመው ጀመር። ግራ የሚለውን ግን አልወደደችውም። «ደግሞ በሽተኛ በግራ ጎኑ ተነሥቶ ሊቀናው ነው?» ብላ ሁሉን ወደ ቀኝ ገለበጠችው። አራት ቀን እንዲህ አደረጉ፤ አራት ቀን ቤቱ ዞረ። ሰውየውም ጀርባውን እንደሰጠ፣ አንድም እርምጃ ሲራመድ ሳይታይ፣ በየቀኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ አልጋው ቀርቦ ይገኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ይርዳው ምርር አለው።

«ዛሬ በግራ ነው የምነሣው።»

«ኧረ ተው ይርዳው!»

«የተማረ ይግደለኝ!»

ተኛ። ቤቱ ዞረ፤ ሰውየው አሁን አልጋው ግርጌ ነበር፣ የኮቱ ስፌት ሳይቀር ይታያል። አንድ ጸሎት። ጭንቅላቱ ወደ ግራ። ሁለት። በግራ ጎኑ ተገለበጠ፣ መዞሩ እየሰከነ መጣ። ሦስት። በግራ ተነሥቶ ተቀመጠ። ቀኝ አየ፣ ግራ አየ፣ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ምንም አልዞረም።

«ለቀቀኝ! የሻረግ፣ ለቀቀኝ!» አለ፣ ደስታው እንባ በእንባ አድርጎት።

እሷም እልልታዋን አቀለጠችው። በእልልታው መካከል ይርዳው የእርጥብ አፈሩ ሽታ እንዳልሄደ አስተዋለ። ቆርቆሮው ጸጥ ብሏል። ኮርኒሱ፣ ቁም ሣጥኑ፣ መጋረጃው ሁሉ በየቦታቸው ቆመው ሳለ፣ አልጋው ግርጌ ጀርባውን የሰጠው ሰው ብቻ ቀስ ብሎ ፊቱን ማዞር ጀመረ።