የማን ወገን ናት?

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሆሳዕና ከተማ ሰማይ ፀሐይና ካፊያ አብረው ነበሩ።

ሮዳስ ሪሞቱን ተጫነች። በቴሌቪዥኑ መስኮት ነጭ ቬሎ የለበሰች፣ ደም የነካው ቢላዋ የያዘች ሴት ብቅ አለች።

«ይህ ነው የእኛ ሰርግ?» አለ አባቷ አክሊሉ፣ ከሶፋው ብድግ ብሎ።

«እኔ የተጫንኩት የእናንተን ነው አባዬ። የመጣው ግን ይሄ ነው።»

ከምስሉ በታች የፊልሙ መረጃ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሮዳስ እየተረጎመች አነበበችው። «የፊልሙ ዓይነት፦ አስፈሪ። ታሪኩ፦ አንዲት ሙሽራ በሰርጓ ሌሊት ባሏን ትገድላለች።»

«ማንም አልነገረኝም ነበር» አለ አባቷ።

«ገና ነው፤ ምን አስቸኮለህ?» አለች እናቷ ጵርስቅላ ከወጥ ቤት።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። አባቷ ባለፈው ሳምንት ሚዲያ ፕሌየር የሚባል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ገዝቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞታል፤ የቤተሰቡን የቆዩ ቪዲዮዎችም ሁሉ ጭኖበታል። ሣጥኑ እያንዳንዱን ፊልም ከማሳየቱ በፊት አንድ የመረጃ ገጽ ያቀርባል፤ ምስል፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ተዋንያን፣ አጭር ታሪክ። መረጃውን የሚያመጣው የፋይሉን ስምና ዓመት ይዞ ከኢንተርኔት ፈልጎ ነው። አባቷ በፋይሉ ላይ የጻፈው «ሰርግ 2002» ብሎ ነበር። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ሣጥኑ ከየት ይወቅ? የፈረንጅ 2002 መስሎት የፈረንጅ ሰርግ አመጣ።

«በሣጥኑ አትፍረዱበት» አለ ዕንባቆም፣ ላፕቶፑን ታቅፎ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ። ዕንባቆም የሮዳስ የክፍል ጓደኛ ነው። «ገጹን ራሳችን እንሥራለት። አንድ ምስል፣ አንድ ጽሑፍ፣ ሁለቱንም በፊልሙ ስም እንሰይምና ከጎኑ እናስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ አይጠይቅም።»

ሥራው እስከ እሑድ መድረስ ነበረበት። እሑድ የእናቷ ዘመዶች ከዱራሜ፣ የአባቷ ዘመዶች ከሀቢቾ ይመጣሉ፤ ሰርጉንም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ገጹን እሠራለሁ ያለችው ሮዳስ ናት። ርዕሱን ራሷ አወጣች፤ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ተዋንያኑን በሁለት ከፈለቻቸው፦ የሙሽራው ወገን፣ የሙሽሪት ወገን። ወላጆቿ ፊልሙን እያዩ ስም ይጠሩላታል፤ እሷ ትጽፋለች።

«ይቺ ባለ ቢጫ ቀሚሷስ?» አለች ሮዳስ።

ባለ ቢጫ ቀሚሷ የሌለችበት ቦታ የለም። ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሙሽሪት ወደ ድንኳኑ ስትገባ የቬሎዋን ጫፍ ከኋላ ይዛለች። ኳየሩ ሲዘምር ሌላው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እሷ ትከሻዋን ትሰብቃለች።

«እሷማ የእናትሽ ወገን ናት፤ የዱራሜ» አለ አባቷ።

እናቷ እጇን እያደረቀች ከወጥ ቤት ወጣች። «የኔ? የአንተ ናት እንጂ! የሀቢቾ ናት።»

«እኔማ የዱራሜ ሰው ሲዘምር ትከሻውን እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ የሀቢቾ!»

ተያዩ። በትዳር የኖሩበት ዘመን ሁሉ አንዱ የሌላውን ዘመድ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎት ዝም ብሏል።

«የሰርጉን ፎቶ ስናድል ለሷ የሚሆነውን ለእናትህ ሰጥቻለሁ» አለች እናቷ በቀስታ።

«እናቴም ለማን እንደምትሰጠው ጨንቋት ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ እናቷ ወደ ድስቷ፣ አባቷ የተንኳኳውን በር ሊከፍት ሄዱ።

ሮዳስ ለገጹ የሚሆን ምስል እየፈለገች ፊልሙን ወደፊት አስኬደችው። አንድ ልጅ በጠረጴዛው ሥር ተሽሎክልኮ ለስላሳ ሊያነሣ እጁን ሰደደ። ባለ ቢጫ ቀሚሷ ምንም አልተናገረችም። ሌባ ጣቷን አነሣች፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ወዘወዘችው። ልጁ እጁን ሰበሰበ።

ሮዳስና ዕንባቆም ደርቀው ቀሩ። ያንን ጣት በየቀኑ ያዩታል። መልስ ሲሳሳት በሰሌዳው ፊት እንዲህ የሚወዘወዝ ጣት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ቲቸር ዮዲት!» አለ ዕንባቆም። ስልኩን አውጥቶ ትከሻ የሚሰበቅበትን ቦታ ቀረጸ። «የሒሳብ ቲቸራችን! የክፍሉ ግሩፕ ላይ ልልቀቀው? እስከ ሰኞ ሙድ የማይዝባቸው አይቀርም።»

ሮዳስም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በራሱ አለቀ።

«እስከ እሑድ አቆየው» አለች።

«ለምን?»

«የማን ወገን እንደሆኑ አላወቅንማ።»

በማግስቱ ከማጠናከሪያ ትምህርት በኋላ ሮዳስ ተማሪው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ከፊልሙ ያወጣችውን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። ቲቸር ዮዲት ጠመኔውን አስቀመጡ። ሄደው በሩን ዘጉ።

«ጭፈራውም አለ?»

«አለ ቲቸር።»

መምህርቷ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ላይ ከሮዳስ እምብዛም የማይበልጡ መሰሉ።

«ከጎንደር መጥቼ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው» አሉ። «አንድ ባልደረባዬ ለእህቱ ሰርግ ጠራኝ። ጎፈር ሜዳ ሰፈር፣ ነጭ ድንኳን አለኝ። ነጭ ድንኳን አየሁ፤ ገባሁ። አስቀመጡኝ፤ አተካና የሚሉትን የቡላና የቅቤ ምግብ አቀረቡልኝ። እንዴት እንደሚበላ ግራ ሲገባኝ አንዲት እናት አጎረሱኝና ሕፃናቸውን ጭኔ ላይ አስተኝተው ሄዱ። ሙሽሪት ስትመጣ የባልደረባዬ እህት አይደለችም።»

«ለምን አልወጡም?»

«ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶታል። እንዴት ልነሣ?»

ሮዳስ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሕፃኑን ተቀብለውኝ ልወጣ ስል ደግሞ የሚዜዋ ጫማ ተሰበረ። ቬሎውን ያዢልኝ አለችኝ። ያዝኩ።» የጠመኔውን ብናኝ ከጣታቸው አራገፉ። «ከተማው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ማንም ማነሽ አላለኝም። ደስ ብሎኝ ነው የጨፈርኩት።» ቀጥሎ ድምፃቸው ወደ ሒሳብ ክፍል ድምፅ ተመለሰ። «እናትሽ ለወላጆች ስብሰባ ስትመጣ ገና በበሩ አወቅኋት። ከዚያ ጀምሮ ቀና ብዬ አላናገርኳትም። ያልተጠራች በላተኛ ሆኜ ልታወቅ አልፈልግም፤ ተማሪዎቼማ ይህን ከሰሙ አበቃ። ኮምፒውተሩ ይችላል አይደል? ቆርጠሽ አውጪኝ።»

«ይችላል» አለች ሮዳስ። «ግን እርስዎ ከወጡ እማዬ ወደ ድንኳኑ ስትገባ አትታይም። ቬሎዋን የያዙት እርስዎ ነዎት።»

መምህርቷ ወደ መስኮቱ አዩ።

ሮዳስ ሌሊቱን ያላሰበችውን አሁን ቆማ አሰበችው። «አልቆርጥዎትም። ካልፈለጉ ግን ነገ ዘመዶቻችን ሲሰበሰቡ ፊልሙን አላሳይም፤ ለምን ሲሉኝም አልናገርም። ከፈለጉ ደግሞ በስምንት ሰዓት ይምጡና ስምዎን ራስዎ ይንገሩን።»

ቲቸር ዮዲት ተነሥተው ጠመኔውን አነሡ። «ሂጂ፤ የቤት ሥራሽን ሥሪ» አሉ።

ማታ ዕንባቆም ታሪኩን ሲሰማ እስከ ሕፃኑ ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባለው ግን አልሳቀም።

«ፋራ ነኝ ልበል?» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ።»

ስልኩን አወጣና ቅጂውን ፊቷ አጠፋው። «ግን አንድ ነገር። ገጹ ላይ "ቴክኒክ፦ ዕንባቆም" ተብሎ ይጻፍ።»

እሑድ በስምንት ሰዓት ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። በቀኝ በኩል የዱራሜዎቹ፣ በግራ በኩል የሀቢቾዎቹ ተቀመጡ። ጨዋታው በሁለት ቋንቋ ይጀመርና በአማርኛ ይገናኛል። ሮዳስ ሪሞቱን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። አልከፈተችውም።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ» አለች ከዱራሜ የመጣችው አክስቷ ገነቴ።

«ትንሽ ቆዩኝ።»

ስምንት ሰዓት አለፈ። አባቷ በዓይኑ ምነው አላት። ዛሬ አላሳይም ማለት እንዳለባት አወቀች፤ ግን አልተጸጸተችም። «ይቅርታ፣ ዛሬ ፊልሙን…» ብላ ስትጀምር የግቢው በር ተንኳኳ።

ቲቸር ዮዲት በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፈው ገቡ። ሰው ሁሉ እንግዳ ለመቀበል ተነሣ። እሳቸው አልተቀመጡም። ካርቶኑን ለጵርስቅላ ሰጧት።

«ብርጭቆ ነው» አሉ። «ለሰርጋችሁ። ያን ቀን ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት። ሳትጠሩኝ ነው የመጣሁት።»

እናቷ ካርቶኑን እንደያዘች ፊታቸውን ትክ ብላ አየች። «ቬሎዬ!» አለች። ካርቶኑን ለአክሊሉ አሸክማ አቀፈቻቸው።

መምህርቷ ከአተካናው ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ሮዳስ ያኔ ፊልሙን ከፈተችው። ቢጫው ቀሚስ በታየ ቁጥር ሳሎኑ በጭብጨባ ይናጋል። ትከሻው ሲሰበቅ መምህርቷ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መካከል ግን ያያሉ።

«እኔ እኮ ያኔውኑ የእኛ ልጅ ናት ብያለሁ» አለች ገነቴ።

«ኧረ ወዲያ!» አሉ የሀቢቾው አጎት። «አተካናውን ያጎረሳት ማን ሆነና? የእኛ ናት!»

«ቬሎውን የያዘችው ለማን ነው?»

«የታቀፈችውስ ሕፃን የማን ነው?»

ዕንባቆም ላፕቶፑን ወደ ሮዳስ አዞረው። የመረጃው ገጽ ተከፍቷል፤ የሙሽራው ወገን፣ የሙሽሪት ወገን።

«የት ልጻፋቸው?» አለ በጆሮዋ።

ሮዳስ ወደ መምህርቷ ጎንበስ አለች። «ቲቸር፣ ስምዎ ከነአባትዎ?»

«ዮዲት ኃይለመለኮት» አሉ፣ ቀና ብለው።

ሮዳስ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች። ክርክሩ ገና አላለቀም። በግራው ዝርዝር መጨረሻ ጻፈች፤ ቀጥሎ በቀኙ ዝርዝር መጨረሻ ጻፈች፤ ፋይሉን አስቀመጠች።

በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም አንድ ብቻ ነው።