የዳማ መሿለኪያ

ኦብሳ ሞቶ ሲገኝ ግማሽ አካሉ ውሻው በሚለማመድበት መሿለኪያ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነበር። ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሚፍታ በመርዝ ገደለው ተብሎ ታስሯል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እናታቸው አደ አስያ ኢንስፔክተር ፈይሩዛን ግቢው በር ላይ ጠብቀው ክንዷን ያዟት።

«ሁለት ነበሩኝ። አንዱን አፈር በላው። ገዳዩን ፈልጊና የቀረኝን አውጪልኝ።»

«እውነቱን አገኛለሁ፣ አደ። ቃል የምገባልዎት ያንን ብቻ ነው።»

«ሌላ ምን እፈልጋለሁ፣ ልጄ» አሉ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? አንዱ ልጅ ከውሻው ከዳማ ጋር ውሎ ከዳማ ጋር የሚያመሽ፣ ሌላው ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር። ሚፍታ «ሶላት የሚሰገድበትን ግቢ አረከስከው» እያለ ከወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቅ ያልሰማ የአሰላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኦብሳ በሞተበት ማታ እራት ያቀረበለትም እሱ ነው። ሲፈተሽ ደግሞ ከጃኬቱ ኪስ ባዶ ብልቃጥ ወጣ፤ ገበሬ ስንዴውን ነቀዝ እንዳይበላበት የሚከትበት የክኒን ብልቃጥ። «እኔ ነኝ» አለ፣ ከዚያ በኋላ ዝም። ሳጅኑ መዝገቡን ለመዝጋት ቸኩሏል። ፈይሩዛን ግን የሐኪሙ ወረቀት እንቅልፍ ነስቷታል፤ የኦብሳ ሆድ ውስጥ መርዝ አልተገኘም፣ የተቃጠለው ሳንባው ነው ይላል።

ኦብሳ የሞተበት መጋዘን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ልስልስ ሲሚንቶ ነው። መሿለኪያው በክብ ብረቶች ላይ የተሰፋ ሸራ ሆኖ አራት ሜትር ይረዝማል፤ ግራና ቀኙን የአሸዋ ጆንያዎች ደግፈውታል። ከኦብሳ ጋር ውሻ ታሠለጥን የነበረችው የምስራች አጠገቡ ቆማለች።

«መጀመሪያ የሕፃናት መጫወቻ ነበር የገዛነው» አለች። «ስስ ነው፤ ዳማ በሁለት ቀን ቦጫጨቀው። ከዚያ በመኪና ሸራ አሰፋነው። አጥሮ ነው የሚጀመረው፤ ውሻው ሲለምድ ይረዝማል፣ በኋላ ይታጠፋል።»

«ጆንያዎቹስ ለምንድን ናቸው?»

«ካልተደገፈ ይንከባለላል። አንዴ የተንከባለለበት ውሻ ዳግመኛ ግባ ቢሉት አይገባም። ክረምት ሲሆን ከሜዳው ወደዚህ አስገባነው፤ ሲሚንቶው ያንሸራትታል። ኦብሳ ያንን አሸዋ ማታ እያወጣ ጠዋት እያስገባ ወገቡ ተቆረጠ። እናቱ አሸዋ ቤት ውስጥ አይደር ይላሉ።»

«ያን ቀን ዳማ ገባ?»

«እንቢ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያልፍበት የኖረ ውሻ አፉ ላይ ደርሶ አፈገፈገ፤ በሩን ቧጠጠ። ይህን የነገረኝ ኦብሳ ነው፤ ማታ ደውሎ ‹ዛሬ ብርድ ልብሴን ይዤ እዚያው እተኛለሁ፤ የኔን ሽታ ካገኘ ይገባል› አለኝ። ሳቅሁበት።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ጠዋት ሞቶ ሳየው ጃኬቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። እራቱ መስሎኝ።»

ፈይሩዛ ተንበርክካ ጆንያዎቹን ዳበሰች። አሸዋው እስካሁን ርጥብ ነው። እነሱ የተደገፉበት ሸራ ላይ ግን ነጭ ብናኝ አለ። የሸራውን እጥፋት ስትገልጥ ደቃቅ ጥቋቁር ነገሮች መዳፏ ላይ ረገፉ። ነቀዞች ናቸው፣ ሁሉም የሞቱ። ነቀዝ አሸዋ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል?

ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሽኩር ፈይሩዛ ብልቃጡን ስታሳየው ትከሻውን ሰበቀ። «በዚህ ወር ይህን ያልገዛ ቤት የለም። አደ አስያም ከዲክሲስ የዘር ስንዴ መጥቶላቸው ገዝተዋል።»

«ሰው ይገድላል?»

«ጋዙ ነዋ። እርጥበት ሲያገኝ ይወጣል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከመኝታ ቤት አርቁት ብዬ ለሁሉም እነግራለሁ።»

ፈይሩዛ ወደ አደ አስያ ቤት ገብታ ስንዴውን አየች። ስምንት ትናንሽ ጆንያዎች፣ አፋቸው በአሮጌ ሻሽ ቅዳጅ የታሰረ። ብትተወው ሚፍታ ነገ ይከሰሳል፤ ብትናገር ደግሞ ማን እንደሚሞት ታውቃለች። ሳጅኑን ጠርታ «ሚፍታን አምጣው» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ቆሙ። ሚፍታ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ኦብሳን የገደለው የበላው አይደለም፣ የተነፈሰው ነው» አለች ፈይሩዛ። «ጋዙ የመጣው ከነቀዝ ክኒን ነው። ሸራው ላይ የስንዴ ብናኝና የሞተ ነቀዝ አለ። ስለዚህ ያን ማታ መሿለኪያውን የደገፈው አሸዋ ሳይሆን ክኒን ያለበት ስንዴ ነበር። ዳማ ሸተተው፣ ሸሸ። ኦብሳ ግን ብርዱን ፈርቶ በሩን ዘግቶ በጆንያዎቹ መሃል ተኛ።»

«ታዲያ አሸዋው?» አለ ሳጅኑ።

«አሸዋው ሌሊቱን ዝናብ መትቶታል፤ የገባው ሲነጋ ነው። ሚፍታ፣ ከሁሉ ቀድመህ የገባኸው አንተ ነህ። ወንድምህን ሞቶ አገኘኸው። ጆንያዎቹን አየህ፣ የሻሹ ቋጠሮ የማን እንደሆነ አወቅህ። ስንዴውን ወደ ቤት መለስክ፣ አሸዋውን አስገባህ፣ ብልቃጡን ኪስህ ከተትክ፣ ከዚያ ጮኽክ።»

«ይተዉት» አለ ሚፍታ። «እኔ ነኝ አልኩ እኮ። ለምን አይተዉትም?»

የምስራች አንገቷን ደፋች። አደ አስያ ብቻ ነገሩ ገና አልገባቸውም ነበር።

«ስንዴውንማ እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ምን አለው? ከዚያ ውሻ ጋር የተያያዘ ነገር ነክቼ አላውቅም። ልጄ ወገቡን ሲያመው ግን አንጀቴ አልቻለም። አሸዋ ከሚሸከም ስንዴው እዚያው ይደር ብዬ በትናንሽ ጆንያ ቋጥሬ ደረደርኩለት። ሽኩርም ከመኝታ አርቁት ብሎኛል፤ እዚህ ማን ይተኛል? ኦብሳ ሲያይ ግንባሬን ሳመኝ። ‹እማ፣ ዛሬ ገና ረዳሽኝ› አለኝ።»

አደ አስያ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ መጨረሻ ሚፍታን አዩ።

«እኔ ነኝ?»

«ሆን ብለው አይደለም፣ አደ። ሕጉም ይህን ያያል።»

«ስለ ሕግ አልጠየቅሁሽም። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ?»

ፈይሩዛ በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሰው ይዛለች፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰጥታ አታውቅም።

«አዎ» አለች።

ሳጅኑ ካቴናውን ፈታ። ሚፍታ እጁን ዘርግቶ ወደ እናቱ ሄደ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ከጀርባቸው ደብቀው እስከ ቆርቆሮው ግድግዳ ድረስ ወደ ኋላ ሸሹ።

«አትጠጋኝ፣ ልጄ» አሉት። «መርዙ እጄ ላይ አለ።»